በሹፌር እጅ የመጣ ሶፍትዌር

የኢንተርኔት አጀማመር በተወራ ቁጥር ነገሩ አዲስ አበባ ይጀምርና እዚያው አዲስ አበባ ያልቃል። በጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን ከፈተ፤ ከዚያ አስቀድሞ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ፓዲስ የተባለው ክፍል በተራ ስልክ መስመር ኢሜይል ያመላልስ ነበር፤ ቀጥሎ የኢንተርኔት ካፌዎች ፒያሳና ቦሌ ላይ ተከፈቱ። ሁሉም ልክ ነው። ግን ይህን ታሪክ የሚነግሩን መስመር የነበራቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ያደግሁት ባሌ ሮቤ ነው። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነበር፦ መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ መጣ፣ ቀጥሎ ቫይረሱ፣ ከቫይረሱ በኋላ ሲዲው። ሰው የሚጠቀምበት መስመር የመጣው ከሁሉም ወዲያ ነው።

ሲዲው የሚመጣው በአውቶቡስ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ይሄድና የባሌውን መኪና ይፈልጋል። በጋዜጣ የጠቀለለውን ዕቃ ለሹፌሩ ወይም ለረዳቱ ያስረክባል፤ ከዚያ ስልክ ደውሎ የሰሌዳ ቁጥሩን ያስመዘግባል። መደወል ግድ ነበር፤ ከምርጫ 97 በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ እስከ ሚሌኒየሙ መባቻ አልተመለሰምና። ተቀባዩ ማታ መናኸሪያ በር ላይ ጋቢውን ደርቦ ይቆማል። መኪናው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ዶዶላንና አዳባን አልፎ፣ ወደ ዲንሾ ሲቃረብ ተሳፋሪው በብርድ መስኮቱን ይዘጋል፤ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን መንገድ ዳር ሲታይ ደግሞ እንቅልፍ የያዘው ሁሉ ይነቃል፤ ሮቤ ቀረበ ማለት ነው። ያኔ መንገዱ ፒስታ ስለነበር የሚመጣው ሁሉ አቧራ ለብሶ ነው የሚመጣው። ሲዲ ሲሆን መጀመሪያ በሸሚዝ ጫፍ ይጠረጋል፤ ቀጥሎ ይጸለይለታል።

ሲዲዎቹን የሚያስመጣው፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራው ሰው ነበር። ስሙን እዚህ አላነሣም፤ እሱም አይወድም። መናኸሪያው አካባቢ ጥገና ቤት ነበረው። ሙያውን የጀመረው በቴፕና በራዲዮ ሲሆን ኮምፒዩተር ሲመጣ የራዲዮ መፍቻዎቹን ሳይጥል ወደዚያ ተሻገረ። በዛሬ ቋንቋ የክፍት ሶፍትዌር አቀንቃኝ ይባል ነበር፤ ወርክሾፕ ይጠራ፣ በአንገቱ ባጅ ያንጠለጥል ነበር። እሱ ግን ስብሰባ ይጠላል። የሚያውቀው ነገር ቢኖር ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ደጃፉ ላይ ኮምፒዩተር ታቅፎ የሚጠብቀው ሰው መኖሩን ነው።

የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ችግር ይዞ ነው የሚመጣው። በዚያን ጊዜ ባሌ ውስጥ ከቢሮ ቢሮ መረጃ የሚጓዘው በፍላሽ ነበር፤ ቫይረሱም በፍላሽ ይጓዛል። ከሁሉም የከፋው «ኒው ፎልደር» የምንለው ነው። ዘዴው ቀላል ነበር። ፎልደር የሚመስል ሥዕል ለብሶ በፎልደሮችህ መካከል ይቀመጣል። ዊንዶውስ የፋይሉን የመጨረሻ መለያ ስለሚደብቅ ፕሮግራም መሆኑ አይታይም። አንተ ሪፖርትህን የምትከፍት መስሎህ ሁለቴ ትጫነዋለህ፤ በቃ፣ ማሽኑ የእሱ ሆነ፤ ቀጥሎ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ጸረ ቫይረስ መጫን ብቻውን አይረዳም፤ ጸረ ቫይረሱ በየጊዜው በኢንተርኔት ካልታደሰ አዲሱን ቫይረስ አያውቀውም፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የለም።

አንድ ቀን ከጎባ የመጣች የቢሮ ጸሐፊ ትዝ ትለኛለች። የሁለቱን የእርሻ ወቅት፣ የገናንና የቦናን፣ የምርት ሪፖርት በአንድ ኮምፒዩተር አስቀምጣ ማሽኑ አልነሣም ብሏታል። ባሌ እንደ ሌላው ደጋ በመኸር ብቻ የሚኖር አገር አይደለም፤ ስንዴና ገብስ በዓመት ሁለቴ ይሰበሰባል፤ ሪፖርቱም ሁለቴ ነው። «ጋሼ፣ በፈጣሪ፣ ሌላው ይቅርና ፋይሌን ብቻ አትርፍልኝ» አለችው። «አይዞሽ እህቴ፣ ፋይልሽ አልሞተም፤ ታስሮ ነው» አላትና ከመሳቢያው አንድ ሲዲ አወጣ። ሲዲውን ከትቶ ማሽኑን ሲያስነሣው ቡናማ ገጽታ ያለው፣ አይተን የማናውቀው ነገር ተከፈተ። ዊንዶውሱን ሳይነካ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጭን፣ ከሲዲው ብቻ ነበር የሚሠራው። እዚያ ውስጥ ፎልደር መሳዩ ቫይረስ ከነሙሉ ስሙ ራቁቱን ይታያል፤ የተደበቁት እውነተኛ ፎልደሮችም ይታያሉ። ሪፖርቱን በንጹሕ ፍላሽ ገልብጦ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ጎባ ውስጥ ያ ሲዲ «የጋሼ መድኃኒት» ተባለ።

መድኃኒቱ ኡቡንቱ ነበር፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተርን የሚያሠራ፣ ኮዱ ግን ለሁሉ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ፣ ሪቻርድ ስቶልማን ከ1983 ጀምሮ ከገነባው የግኑ ሥራ ጋር ተጣምሮ፣ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2004 ለተራ ሰው እንዲመች ሆኖ የተሠራ ነው። በኋላ ብዙ ሰው ስለ ኡቡንቱ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ስለ ውበቱ፣ ስለ ፍጥነቱ። ለእኛ ዋናው ነገር ሌላ ነበር። ሺፕኢት የሚባል አሠራር ነበራቸው፦ አድራሻህን ከሞላህ ሲዲውን በፖስታ፣ የቴምብሩንም ሳያስከፍሉ፣ ዓለም ላይ ባለህበት ይልኩልሃል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። አንድ ሲዲ 700 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በስልክ የሚደወለው ኢንተርኔት በወረቀት ላይ ያለው ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 56 ኪሎቢት ነው። መስመሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆረጥ፣ ፍጥነቱም ሳይቀንስ ቢሠራ ያንን ሲዲ ለማውረድ ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሮቤ ላይ ደግሞ መስመሩ ሰው ስልክ ባነሣ ቁጥር ይቆረጣል፤ መብራቱም ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። 153 ሜጋዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና ኃይል ማመንጫ ዋቤ ሸበሌ ላይ፣ አውቶቡሳችን ከሚያልፍበት ከአዳባና ከዶዶላ መንገድ ሩቅ ሳይሆን ነው ያለው። በጨለማ ተቀምጠን ሻማ ስንፈልግ ጋሼ «ጎረቤታችን ተኝቷል» ይል ነበር።

አድራሻውን ለመሙላት ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ጋሼ በደቂቃ የሚከፈልበት ካፌ ገብቶ ቅጹን ሞልቶ፣ የፖስታ ሳጥኑን ቁጥር ጽፎ ወጣ። ከረዥም ጊዜ በኋላ ፖስታ ቤት ተጠራ። ፖስታ ቤቱ ውስጥ የሚሠሩት እናት፣ አዴ ነበር የምንላቸው፣ ካርቶኑን እያገላበጡ «ልጄ፣ ይኼን ያህል ዕቃ ልኮልህ ምንም አትክፈል የሚል ፈረንጅ ማን ነው? ሃይማኖት ሊያስቀይርህ እንዳይሆን» አሉት። ጋሼ ሳቀና አንድ ሲዲ ሰጣቸው። እስከ ጡረታቸው ድረስ ጠረጴዛቸው ላይ ብርጭቆ ያስቀምጡበት ነበር።

በዚህ ሁሉ መሐል የገባኝ አንድ ነገር አለ። ነጻ ሶፍትዌር ሌላ አገር ላይ ሰውን የሚማርከው በዋጋው ነው። እኛ ጋ ዋጋው ምንም ኃይል አልነበረውም። የተገለበጠ ዊንዶውስ በባዶ ሲዲ ዋጋ ይሸጣል፤ የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሮቤ ገበያ ግን አልደረሰም። ሁለቱም እኩል ከሆኑ ሰው የለመደውን ይወስዳል። ስለዚህ ጋሼ ስለ ዋጋ አውርቶ አያውቅም። የሚያወራው ስለ ቫይረስ ነው። ይህን ሳስብ ብዙዎቹ አቀንቃኞች በየመድረኩ ስለ መርሕ ሲሰብኩ የጠፋቸው ምን እንደሆነ ይታየኛል። ሰው የሚለወጠው ችግሩ በገዛ ዓይኑ ፊት ሲፈታለት ነው።

ቢሆንም ብዙ የኡቡንቱ ተጠቃሚ አጥተናል። ማዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሮቤ ላይ ሥራ ሲጀምር ከተማው በአንድ ጊዜ ወጣት ሞላው፤ ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ጥገና ቤቱን ያጨናንቁት ጀመር። ሲዲ ይገለብጣሉ፣ ይጭናሉ፣ ያበላሻሉ፣ እንደገና ይጭናሉ። ግማሾቹ የመጡት «ሀከር» ለመሆን ነበር፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲሮጥ ካዩ ይበቃቸዋል። የተረፉት ግን በእውነት ተማሩ። መውደቂያችን ኡቡንቱ ላይ በዎርድ ፋንታ የሚመጣው ኦፕን ኦፊስ ነበር። አንድ ሰው ሪፖርቱን እዚያ ላይ ጽፎ ሳይጠነቀቅ ካስቀመጠው ዞን ቢሮ ሲደርስ ዎርድ አይከፍተውም። «ፋይልህ አይከፈትም» መባል እንዴት ያለ ውርደት እንደሆነ የመንግሥት ቢሮ የሠራ ያውቀዋል። በዚህ አንድ ምክንያት ብቻ ወደ ዊንዶውስ የተመለሰው ሰው ቫይረስ ወደ ኡቡንቱ ካሳደዳቸው ሰዎች ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ ለእኔ የትዝታው ሆድ እዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ በአማርኛ የተጻፈ ፋይል መክፈት ዕድል መሞከር ነበር። ገበያ ላይ የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነው። ያኔ አንድ የፎንት ፋይል 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው ለእኛ ፊደል አይበቃም፤ ስለዚህ ለሁለትና ለሦስት ፋይል ይከፋፍሉታል። አከፋፈሉን ደግሞ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መንገድ አደረገው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ከፍተህ ካየኸው በአንደኛው አሠራር «የ» የሚለው ፊደል ሁሉ የሦስት አራተኛ ክፍልፋይ ምልክት ሆኖ ይመጣል። የከተማው ማስታወቂያ «የሮቤ» በሚልበት ቦታ ሁሉ ሦስት አራተኛ፣ ሦስት አራተኛ ይላል። ጋሼ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያይ «ሒሳብ ትምህርት ቤት የላኩት ነው» ይል ነበር።

ባሌ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ቀለም ነበረው። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ስለሚጻፍ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ይጻፋል፤ ፎንት አይፈልግም፣ ሶፍትዌር አይፈልግም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ታይፓቸውን ትተው ወደ ኮምፒዩተር ሲዞሩ የኦሮምኛው ማመልከቻ በደቂቃ ያልቃል፤ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚላከው የአማርኛው ማመልከቻ ግን ቀኑን ይፈጃል። አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ጸሐፊ፣ ሁለት ቋንቋ፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ሲያነክስ አይቻለሁ። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ይህን ልዩነት በዚህ መልኩ ያየው አይመስለኝም።

ኡቡንቱ ላይ ግን አማርኛው እዚያው አብሮ ነበር። ቅንብሩን ከፈት አድርገህ ትመርጠዋለህ፤ ከዚያ በላቲን ኪቦርድ «ሰላም»ን በድምፁ ስትጽፍ በግዕዝ ፊደል ይወጣል። ትንሿ «ቲ» ለተ፣ ትልቋ «ቲ» ለጠ። ይህን ማን እንደሠራው ለማወቅ ጋሼ አንድ ልማድ ነበረው፦ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡትን፣ «ሪድሚ» የሚባሉትንና የፈቃድ ጽሑፉን የያዙትን ፋይሎች ያነባል። ማንም የማይከፍታቸውን። ዳንኤል ያዕቆብ የሚለውን ስም መጀመሪያ ያየሁት እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ ነው።

ታሪኩን ቆይቼ ነው የሰበሰብኩት። ፍስሓ አጥላው ገና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዳሸን ኢንጂነሪንግ ብለው በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሶፍትዌር ከቀዳሚዎቹ ሆነው ሠርተው ነበር። በ1990ዎቹ ውጭ አገር የነበሩት ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ ኢሜይል ሲጻጻፉ ኮምፒዩተሩ የሚቀበለው ላቲንን ብቻ ነው። ስለዚህ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን፣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በተራ የላቲን ፊደላት የሚወክል ሥርዓት አወጡ። የሚገርመው፣ ያንን ሥርዓት ተቀብሎ ኢማክስ በተባለው ዝነኛ የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ የግዕዝን ፊደል ካስገቡት መካከል ናኦቶ ታካሃሺ የሚባል ጃፓናዊ አለ። ጃፓን ቁጭ ብሎ ስለ «ጨ» እና ስለ «ጸ» የሚጨነቅ ሰው ነበረ ማለት ነው። ማን ጠየቀው? ማንም።

ሌላው ሰናምርምር ነው። አባስ አላምነህ በዚያ ስም ጅረትን፣ ዋሽራንና በታዋቂው የቁም ጽሕፈት ባለሙያ በይገዙ ብስራት የተሰየመውን ፎንት ሳይቀር አዘጋጅቶ በነጻ ፈቃድ ለቀቀ። ጥገና ቤታችን ውስጥ ዋሽራ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ፊደል ሆነ። ሮቤ ውስጥ በእነዚያ ዓመታት ያገባ ሰው ካርዱን አስቀምጦ ከሆነ አውጥቶ ይየው፤ የአባስ አላምነህ እጅ አለበት። ለካርዱ ተከፍሏል፤ ለፎንቱ ግን አባስን ያመሰገነ ሰው አላጋጠመኝም።

ከሁሉም የሚልቀው ግን ከሁሉም የሚሰለቸው ሥራ ነበር። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ባወጣው 3.0 እትም 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶችን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ «የ» ሦስት አራተኛ መሆኑ ቀረ፤ በየትኛውም ማሽን «የ» ማለት «የ» ሆነ፤ ቢያንስ በወረቀት ደረጃ። ይህን ለማስፈጸም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የማመልከቻ ሰነድ፣ የፊደል ሠንጠረዥ፣ የክርክር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ዳንኤል ያዕቆብ በግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ስም ከዚያ በኋላም አላረፈም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 4.1 እትም አማርኛና ትግርኛ የማይጠቀሙባቸው፣ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚፈልጓቸው ተጨማሪ ፊደላት እንዲገቡ ከሠሩት አንዱ እሱ ነው። ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ መሣሪያ ሠርቶ ለቀቀ፤ ጳጉሜን የሚያውቅ ኮድ ማለት ነው። አማርኛን በተለያየ ፊደል የሚጽፍ ሰው ቃሉን ፈልጎ እንዲያገኝ፣ «ፀሐይ» ያለው «ጸሀይ» ካለው ጋር እንዲገናኝ የሚያደርግ መሣሪያም አለው።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ዳዊት በቀለ ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኢንተርኔት ሶሳይቲን የአፍሪካ ቢሮ መምራት ጀመሩ፤ ስለ ክፍት ኢንተርኔት በአደባባይ ሲሟገቱ ከነበሩት አንዱ ናቸው። እኛ ሮቤ ሆነን የሰማነው በጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ደግሞ ያው፣ ሲዲ ተጠቅልሎበት የመጣው።

ጋሼም ጸሐፊ ሊሆን ሞክሮ ነበር። ብሎግስፖት ላይ በአማርኛ የጥገና ማስታወሻ ጀመረ፦ «ኒው ፎልደርን ያለ ጸረ ቫይረስ ማስወገድ»፣ «ፍላሽ ሲሰካ ምን ማድረግ አለብን»፣ «አማርኛ በኡቡንቱ»። አጻጻፉ ራሱ የሚናገርበት ነው፤ አጭር፣ ቀጥተኛ፣ አልፎ አልፎም ስድብ ያለበት። ነገር ግን ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ ብሎግስፖት አገር ውስጥ መታየት አቆመ። የፖለቲካ ጦማሮች ነበሩ ዒላማዎቹ፤ የተዘጋው ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው። የጽሑፍ ማስገቢያው ገጽ ይከፈታል፤ የወጣው ጽሑፍ አይከፈትም። ጋሼ ይጽፋል፣ «ወጥቷል» ይለዋል፣ ራሱ ግን ሊያየው አይችልም። አሜሪካ ያለ የአጎቱ ልጅ እያነበበ በስልክ «አዎ፣ አለ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ፊደል ተሳስቷል» ይለዋል። የቫይረስ አገዳደል ከመቼ ወዲህ የአገር ምሥጢር እንደሆነ ሊገባን አልቻለም። በመጨረሻ ጽሑፎቹን አትሞ፣ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ፣ ከሱቁ በር ላይ ለጠፋቸው። ባሌ ውስጥ በጣም የተነበበው ጦማር ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ነው ብዬ እሟገታለሁ፤ ከኮምባይነር ሹፌር እስከ ሆስፒታል ሠራተኛ ቆሞ ያነበዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ስለነበር ቶሎ ልለፈው። በ2004 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማሪ ወጣቶች መጻፍ ጀመሩ፤ ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን ስላለው ዘጠነኛው እኛ የምንኖርበት ነው ብለው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። ክሱ ላይ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለው፣ ማንም በነጻ የሚያወርደው የኮምፒዩተር ደኅንነት መማሪያ መሆኑን ስንሰማ ጥገና ቤቱ ውስጥ ዝም ተባለ። የዚያ ዓይነት ሲዲ መሳቢያችን ውስጥ ሙሉ ነበር። የሆነውን መናገር ካለብኝ፣ ያን ሰሞን ከቅዳሜ ልጆች መካከል ብዙዎቹ መምጣት አቆሙ። ማንም አልከለከላቸውም። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ታግደው የነበሩ 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች መከፈታቸው ሲነገር ጋሼ የድሮ ማስታወሻውን ፈለገው። አገኘው። አነበበውና «ይኼ ቫይረስ እንኳ ጠፍቷል» አለ።

ሲዲው የቀረው ከዚያ አስቀድሞ ነው። ሺፕኢት በ2003 ዓ.ም. ቆመ፤ ዓለም ፈጣን መስመር ስለያዘ ሰው አውርዶ ይጠቀም ተባለ። ዓለም የሚባለው ውስጥ ሮቤ እንዳለች የጠየቀ የለም። እኛም ወደ ሹፌር ተመለስን፤ አሁን በፍላሽና በሃርድ ዲስክ። ኪዊክስ የሚባል ሌላ ክፍት ሶፍትዌር አለ፤ ዊኪፒዲያን በሙሉ ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። እሱን የያዘ ሃርድ ዲስክ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ተማሪዎቹ ተቀባበሉት። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ዛሬም 15 ሺህ ገደማ መጣጥፍ ነው ያለው፤ አብዛኛውም አጭር ነው፤ የኦሮምኛው ከዚያም ያንሳል። ግን የእንግሊዝኛው የፊዚክስ ገጽ ምንም ሳይከፈልበት ዲንሾ ላይ መነበቡ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ ሌላው ከተማ ምን እንደዋጠው ባላውቅም ሮቤ ውስጥ ያቺ ሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ከረመች።

ከጊዜ በኋላ ያ ማንም የማይከፍተው የሪድሚ ስም ዝርዝር መንግሥትም ውስጥ ገብቶ አየሁት። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ መጠቀም የጀመረው ዲኤችአይኤስ 2 ክፍት ሶፍትዌር ነው። ሥሩ ከአፓርታይድ ማግሥት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ አሁን ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያስተባብረዋል። የጤና ጣቢያው የክትባት ቁጥር፣ የወሊድ ቁጥር፣ የወባ ቁጥር በእሱ ያልፋል። የሚያስገባው ባለሙያ ክፍት ሶፍትዌር እንደሚጠቀም አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ሠሪዎቹ ሁላችን ስማቸውን እንድናነሣላቸው ቢፈልጉ ኖሮ ሪድሚ ውስጥ ባልተደበቁ ነበር።

ጋሼ አሁንም መናኸሪያው አካባቢ አለ። ስልክ ነው የሚጠግነው፤ የአብዛኛው ስልክ ሆድ አንድሮይድ፣ የአንድሮይዱ ሆድ ሊኑክስ መሆኑን ለደንበኛ አይነግርም፤ ደንበኛው ስክሪኑ እንዲቀየርለት ነው የመጣው። ባለፈው ስሄድ ስለ ዲኤችአይኤስ አጫወትኩት፤ ኮዱ ለሁሉ ክፍት መሆኑን፣ የት እንደተጀመረ፣ ስንት አገር እንደተቀበለው። ስልኩን እየፈታ አዳመጠኝ። ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያለ መስመር ይሠራል?»

«በስልክ የሚጫነው ይሠራል» አልኩት። «ባለሙያዋ ትመዘግባለች፤ መስመር ስታገኝ ራሱ ይልካል።»

«እንዲያ ከሆነ መስመር ለሚጠፋባት ለሪራ መንደርም ይሆናላ» አለና መፍቻውን አነሣ።